የመሐሉ ክንፍ

ከሪን በምትባለው የባሕር ዳርቻ መንደር ኔሪዳ ፕሩየትን በስሟ የሚጠራት ሰው ከእናቷና ከአባቷ ሌላ አልነበረም። ለቀረው ሕዝብ ሁሉ «ሳሙና» ነበረች። ስሙን ያወጣላት ዳሪል ስታብስ ነው፤ ያወጣላትም ባለፈው ዓመት በማዕበል ጋላቢዎች ክለብ ውድድር ፍጻሜ ቀን ነው። ያን ቀን ባሕሩ ከወትሮው ከፍ ብሎ፣ ማዕበሉ ከቋጥኙ ጫፍ ጀርባ እያበጠ ይመጣ ነበር። ኔሪዳ ከሆዷ ሥር ሁለት ክንፍ ባላት የማዕበል መጋለቢያ ሰሌዳዋ ላይ ቆማ የቀኑን ትልቁን ማዕበል ቁልቁል ወረደችው። ከታች ስትደርስ ለመታጠፍ ሰሌዳዋን በጎኗ አጋደለቻት፤ ይኼኔ ጭራዋ ውሃውን ለቅቃ ተንሸራተተች። ኔሪዳ ወደ አንድ ወገን፣ ሰሌዳዋ ወደ ሌላ ወገን ሄዱ። ባሕሩን ቁልቁል የሚያየው ኮረብታ ላይ የተቀመጠው ተመልካች ሁሉ አየ። ከውሃው ስትወጣ ዳሪል ፎጣ እያቀበላት፣ «አይዞሽ፣ ከእጅ ያመለጠ ሳሙና መጨረሻው መሬት ነው» አላት። ሳቁ መኪና ማቆሚያው ድረስ ተሰማ።

ሳቁንስ ትችለው ነበር። እሷም ብትሆን ሌላ ሰው ሲወድቅ ስቃለች። ያልቻለችው ሌላ ነገር ነው። ክለቡ በየዓመቱ ከሌሎች የባሕር ዳር ክለቦች ጋር የሚወዳደር ቡድን ይልካል፤ የቡድኑን ሰዎች ኮሚቴው ይመርጣል፣ አንዱ ቦታ ግን የፍጻሜው አሸናፊ ነው። በቡድኑ ውስጥ ሴት ገብታ አታውቅም። እንዳትገባ የሚከለክል ሕግ ኖሮ አይደለም። ኮሚቴው ሴት መርጦ ስለማያውቅ፣ በፍጻሜውም ያሸነፈች ሴት ስለሌለች ነው። ስለዚህ ለኔሪዳ የቀረላት በር ያ አንዱ ብቻ ነበር፤ ባለፈው ዓመት እጇ እጀታው ላይ ካረፈ በኋላ አዳልጧት ወደቀች።

በዚያ ላይ የክለቡ ልማድ አለ። በፍጻሜ የተሸነፈ ሰው በሚቀጥለው እሑድ ሽርጥ ታጥቆ ለመላው አባል ቋሊማ ይጠብሳል። ኔሪዳ ታጠቀች፣ ሽንኩርት ከተፈች፣ ጠበሰች። ዳሪል በዳቦ የተጠቀለለ ቋሊማውን ተቀብሎ፣ «እጅሽ ላይ ግን አይንሸራተትም፤ ተሰጥኦሽ እዚህ ነው» አላት። እሷም ሰናፍጩን አቀበለችው። በሆዷ ግን ይህን ሽርጥ ሁለተኛ እንደማትታጠቀው ቆርጣ ነበር።

አባቷ መርቭ ፕሩየት ሰሌዳ ሠሪ ነው። ከባሕሩ ሁለት መንገድ ራቅ ብሎ ባለ ቆርቆሮ ወርክሾፕ አለው፤ ኔሪዳም እዚያው ከሱ ጋር ትሠራለች፤ እሱ የሰሌዳዋ ገላ የሚሆነውን ፎም ይልጋል፣ እሷ ፋይበር ግላሱን ታለብሳለች፣ ሙጫውን ታፈሳለች፣ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለች። የመርቭ ሰሌዳ ሁሉ አንድ ክንፍ ነው ያላት፤ ከሆዷ ሥር፣ ጭራዋ ላይ፣ መሐል ለመሐል የተተከለ፣ ረዥምና ወደ ኋላ ጠምዘዝ ያለ ትልቅ ክንፍ። ልኩን ከስስ ጣውላ ቆርጦ ሚስማር ላይ ሰቅሎታል። ያ ክንፍ በባሕር ዳሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ከሩቅ የሰሌዳ ሆድ አይተው «የመርቭ ናት» ይላሉ።

መርቭ አንድ ሌላ ልማድም አለው። ፎሙ ገና ነጭ ሳለ፣ ፋይበር ግላሱ ሳይለብስ፣ በእርሳስ ስሙን ይጽፍበታል። ከላይ ሙጫው ሲፈስና ሲደርቅ ስሙ መስታወት ሥር እንዳለ ፎቶ ሆኖ ይቀራል። ስሙን ያልጻፈባት ሰሌዳ ከዚያ በር ወጥታ አታውቅም።

ከዘንድሮው ውድድር ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ አንድ ከሰዓት ኔሪዳ እጇን በጨርቅ እየጠረገች፣ «አባዬ፣ ሦስት ክንፍ ያላት ሰሌዳ ልሠራ ነው» አለችው።

መርቭ መላጊያውን አላቆመም። «ለምን አራት አታደርጊያትም? እግር አውጥታ በራሷ ወደ ባሕር ትወርድልሻለች።»

«እየቀለድኩ አይደለም።»

«እኔም አልቀለድኩ። ክንፍ ማለት ውሃ የሚይዝ ነገር ነው። የሚይዝ ነገር ያዘገያል። ሦስት ክንፍ ሦስት ልጓም ነው፤ ልጓም አብዝቶ ፈረስ ያስሮጠ ሰው ደግሞ አላየሁም።»

«ታዲያ ሁለቱ ክንፍ ለምን ፈጠነ? ወጣቱ ሁሉ እኮ በሁለት ክንፍ ጥሎህ ሄዷል።»

«ሄዶ የት ደረሰ? አንቺ እንኳ የት እንደደረስሽ አይተናል።»

ይህ ንግግር አንገበገባት፤ ግን እውነት ነው። መርቭ በነገር መውጋት ሲፈልግ ውሸት አያስፈልገውም። የሁለት ክንፍ ጣጣ ይኸው ነው፤ ክንፎቹ በግራና በቀኝ ጠርዝ ላይ ስለሆኑ ሰሌዳዋ ቀልጣፋ ናት፤ ትንሽ ስታጋድላት ዞር ትላለች፤ በትንሽ ማዕበልም እንደ ዝንብ ትፈጥናለች። ማዕበሉ ሲተልቅና እንደ ግድግዳ ሲቆም ግን ጭራዋን መሐል ላይ የሚይዝላት የለም። የመርቭ አንዱ ክንፍ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ይይዛል፣ አይከዳም፣ ረዥምና የተዋበ መስመር ያሰምራል፤ ለመታጠፍ ግን የአንድ እርሻ ስፋት ይፈልጋል፤ ቸኩለህ ብታዞረው አይሰማህም።

ኔሪዳ መጥታ ፊቱ ቆመች። «ስማኝ። ፍሬን የሌለው መኪና ቁልቁለት ላይ ማን ደፍሮ ይነዳዋል? የጎኖቹ ክንፎች ፍጥነቱንና መታጠፉን ይስጡኝ። ከኋላ አንድ ጨምሬ ጭራዋን አስይዛለሁ። እንደማትከዳኝ ካወቅሁ ሳልፈራ ነው የምገፋት፤ ሳልፈራ ከገፋኋት ደግሞ ትፈጥናለች። ያለፈው ዓመት ያዘገየኝ ክንፍ አይደለም፤ ፍርሃት ነው።»

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» አለና መርቭ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ተኳረፉ። በአንድ ወርክሾፕ ውለው፣ በአንድ ጠረጴዛ በልተው ቃል አይለዋወጡም። እናትዬዋ ቤሪል መሐላቸው ተቀምጣ ሰለቻት። «ማውራቱስ ይቅርባችሁ፤ ጨው እንኳ ተቀባበሉ እንጂ» አለቻቸው። «ሁለታችሁም የተጠረባችሁት ከአንድ ድንጋይ ነው፤ ልጄ ከእኔ ምንም አልወሰደች።»

ኔሪዳ ግን ፎሙን በራሷ እጅ ላገች። ትንንሾቹን የጎን ክንፎች ቆረጠች፤ ወደ ውስጥ የሚያየውን ፊታቸውን ዝርግ፣ ወደ ውጭ የሚያየውን ክብ አድርጋ ሞረደች። ከሰሌዳዋ አፍንጫ ክር ስባ ክንፎቹ የሚተከሉበትን መስመር ትንሽ ወደ አፍንጫው አዘምማ ፎሙ ላይ አሰመረች። መርቭ በዚያ ሲያልፍ ክሩን በአንድ ዓይኑ አየና፣ «ግራው ወጣ ብሏል» አለ። ከኩርፊያው ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ መሆኑ ነው። ለካች፤ እውነትም ወጣ ብሏል። አስተካከለችው።

በማግስቱ ያንን ከስስ ጣውላ የተቆረጠ ልክ ከሚስማሩ አውርዶ መጣ፤ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው።

«በጎንና በጎኗ የፈለግሽውን ትከይ። መሐሉ ግን በዚህ ልክ ይቆረጥ።»

«አባዬ፣ ይኼ እኮ ለብቻው እንዲቆም የተሠራ ነው። ለእኔ ይበዛብኛል።»

«ይብዛ። እኔ ያ ቋጥኝ ሥር ውሃው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። እዚያ ልጄን የሚይዛት ነገር የማላውቀው ነገር እንዲሆን አልፈልግም።»

መርቭ እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ሰው አይደለም፤ ተናግሮም ወዲያው ጀርባውን ሰጣት። ሰው ከአባቱ ጋር መከራከር ይችላል፤ ከአባቱ ፍርሃት ጋር ግን እንዴት ይከራከራል? «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባል የለ? እሷም ለራሷ ይህንኑ ብላ ትልቁን ክንፍ ከትንንሾቹ ጋር ተከለችው። ማንም የሰሌዳ ሠሪ ልጅ ብትሆን የምትሠራውን ስሕተት ሠራች፤ ማዕበሉን ሳይሆን አባቷን አስባ ክንፍ ተከለች።

ክንፎቹ ከመተከላቸው በፊት፣ ፎሙ ነጭ ሳለ፣ እርሳሱን ያቀበለችው ጊዜ ደግሞ መርቭ ተቀብሎ ጆሮው ላይ ሰካው። «ግማሹ የእኔ ግማሹ ያንቺ ነው። በግማሽ ሥራ ላይ ስም አይጻፍም» ብሏት ወጣ። ኔሪዳም የራሷን ለመጻፍ አልደፈረችም። ሙጫው በባዶው ላይ ፈሰሰ።

እንዳለመታደል ሰሌዳዋ ስታልቅ ባሕሩ ተኛ። በየቀኑ ጠዋት ወርዳ ታያለች፤ ውሃው ሳህን ላይ እንደ ፈሰሰ ሻይ ዝም ብሏል። በወጉ ሳትሞክራት የውድድሩ ዋዜማ ደረሰ። በዋዜማው ምሽት ከደቡብ ነፋስ ተነሣ፤ እሑድ ጠዋት መስኮቷን ስትከፍት የማዕበሉ ድምፅ ቤቱ ውስጥ ገባ።

መርቭ በየዓመቱ የጡሩምባው ኃላፊ ነው። ኮረብታው ላይ ከዳኞቹ ጠረጴዛ አጠገብ ባለች መታጠፊያ ወንበር ተቀምጦ የዙሩን መጀመሪያና መጨረሻ ይነፋል። ለማንም አያደላም፤ ይህን ጠላቱም ይመሰክርለታል፣ ጠላት ባይኖረውም።

ኔሪዳ በመጀመሪያው ዙር ሁለት ማዕበል ያዘች። ያኔ ነው ጉዱ የታወቃት። ቁልቁል ስትወርድ ፈጠነች፤ ከታች ስታጋድላት ጭራዋ ውሃውን ጨምድዳ ያዘች፤ እስከዚህ ድረስ ያለመችው ሁሉ ሆነላት። ማዕበሉ ጫፍ ደርሳ ወደ ታች ልትመልሳት ስትል ግን እምቢ። በጀርባ እግሯ ገፋች፣ ትከሻዋን አዞረች፣ በወገቧ ጎተተች፤ ሰሌዳዋ መስመሩን እንደሚያውቅ አሮጌ አውቶቡስ ቀጥ ብላ ሄደች። የጎኖቹ ክንፎች ዙሪ ሲሏት የመሐሉ ወዴት ይላታል። ከዙሩ ያለፈችው አብረዋት የነበሩት ሁለት ልጆች ስለወደቁ ብቻ ነው። ከዚያ የሚቀጥለውንም እንዲሁ በጥርሷ ነክሳ አለፈችው፤ ኮረብታው ላይ ግን ያጨበጨበ ሰው ቢኖር እናቷ ናት።

ዳሪል ደግሞ የመርቭን ባለ አንድ ክንፍ ይዞ ያምር ነበር። ዳሪልን ላለመውደድ ብዙ ምክንያት አለ፤ ሰሌዳ ላይ ሲቆም ግን አንዱም ትዝ አይልም። ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ከማዕበሉ ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ረዥም መስመር ያሰምራል፤ ዳኞቹም ይህን መስመር ሲያዩ ያደጉ ናቸው። ፍጻሜው በእሱና በኔሪዳ መካከል ሆነ። ከፍጻሜው በፊት የምሳ ዕረፍት ነበር።

ሰው ሁሉ ፓይ የሚሉትን የሥጋ ዳቦ ወደሚሸጠው ሰው ሲሰለፍ ኔሪዳ ሰሌዳዋን አሸዋው ላይ በጀርባዋ ገልብጣ ተንበረከከች። የመሐሉን ክንፍ በአውራ ጣቷ ገፋችው። እንደ ግንብ ቆሟል። የጎኖቹን በመዳፏ ለካች፣ ከዚያ የመሐሉን። በዚህ ክንፍ ወደ ፍጻሜ ብትወጣ አትወድቅም፤ አታሸንፍምም። ቀጥ ብላ ሄዳ፣ ቀጥ ብላ ተሸንፋ፣ ቀጥ ብላ ወደ ሽርጡ። ተነሥታ ኮረብታውን ወጣች።

«አባዬ፣ የመኪናህን ቁልፍ ስጠኝ።»

«ምን ልታወጪ?»

«መጋዝ።»

መርቭ የያዘውን ፓይ አስቀመጠ። ምኑን ልትቆርጪ ነው ብሎ አልጠየቀም። ጠዋት ሙሉ እሱም ያየው እሷ ያየችውን ነው፤ ሰሌዳ ሠሪ ነው እኮ።

«ሌላ ነገር ጠይቂኝ።»

«ሌላ ነገር አያስፈልገኝም።»

«ይዞሻል አይደል? ጠዋት አንዴ እንኳ አዳለጠሽ?»

«ይዞኛል። አልለቅም ብሎ ነው የያዘኝ። ጭራዬን ያዝልኝ አልኩህ እንጂ እሰርልኝ አላልኩህም።»

«ባሕሩ እየጨመረ ነው። ቆርጠሽው ቢከዳሽስ? ያለፈው ዓመት ማዕበል ከዚህኛው አጠገብ ሕፃን ነው።»

«ከከዳኝ እወድቃለሁ፤ ሽርጡንም እታጠቃለሁ። ቋሊማ መጥበስ መቼም ለምጃለሁ። አባዬ፣ ፈርተህልኝ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ፈርቻለሁ። ግን በአንተ ፍርሃት ተሸንፌ መምጣት አልፈልግም፤ በራሴ ልሸነፍ።»

መርቭ እጁን ኪሱ ከተተ፤ ቁልፉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ከጡሩምባው አጠገብ አኖረው። ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። «እኔ አላየሁም» አለ።

መጋዙን፣ ሞረዱንና ብርጭቆ ወረቀቱን ይዛ ስትመለስ ዳሪል ሰሌዳዋ አጠገብ ቆሞ ቋሊማ ይበላ ነበር። መጋዙ ክንፉ ላይ ሲያርፍ ማላመጡን አቆመ።

«ሳሙና፣ ጤና የለሽም እንዴ? የመርቭ ክንፍ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«በዚህ ክንፍ ስንት ዋንጫ እንደወሰድኩበት ታውቂያለሽ?»

«ያንተ እዚያው በቦታው አለልህ፤ ማን ነካብህ? አሁን ዝም ብለህ አትቁም፤ ሰሌዳዋ እየተወዛወዘች ነው፣ ያዝልኝ።»

ዳሪል ግራ ቀኝ አየ፤ ቋሊማውን በአፉ እንደያዘ ተንበርክኮ ሰሌዳዋን በሁለት እጁ ያዘላት። መጋዙ ፋይበር ግላሱን ሲበላ ድምፁ ጥርስ የሚያፋጭ ነበር። ሰው ተሰበሰበ፤ አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ።

«ቆይ እስቲ» አለ ዳሪል ቋሊማውን ውጦ፣ «እኔን ለማሸነፍ አይደል እንዴ ይኼን የምትቆርጪው?»

«አዎ። አጥብቀህ ያዝ።»

«እኔ ደግሞ ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ» አለ፤ ግን አልለቀቀም። እንዲህ ነው የከሪን ሰው፤ ይሰድብሃል፣ ይስቅብሃል፣ ሰሌዳህን ግን ይይዝልሃል።

ጫፉ ተቆርጦ አሸዋው ላይ ወደቀ። የቀረው ጉቶ ይመስል ነበር። ኔሪዳ በሞረድ ትከሻውን ክብ አደረገችው፤ ቀኝ ፊቱን ሞረደች፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰች፤ ወደ ግራው ዞራ ገና ስትጀምር ጡሩምባው ተነፋ። ዝግጁ የሚለው ጡሩምባ ነው። ቀና ብላ ኮረብታውን አየች። መርቭ ሰዓቱን ያያል እንጂ እሷን አያይም። አቧራውን በክንዷ ጠርጋ ሰሌዳዋን አነሣች።

ቀዝፋ ወጥታ ከቋጥኙ ጫፍ ጀርባ ሰሌዳዋ ላይ ከዳሪል ጋር ጎን ለጎን ስትቀመጥ ሁለቱም ቀልዱን ትተውት ነበር። ማዕበሉ እንደዚያ ሲሆን አፍ ይደርቃል። የመጀመሪያውን ዳሪል ያዘ፤ ረዥሙን መስመሩን አሰመረ፤ ከኮረብታው የመኪና ክላክስ በአድናቆት ጮኸ። ኔሪዳ አንዱን አሳለፈች። ሁለተኛውንም አሳለፈች። ጠብቃ ሳይሆን ፈርታ ነው፤ እውነቱ ይነገር። ሦስተኛው ሲመጣ፣ አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም ብላ ቀዘፈች።

ተነሥታ ቆመች፤ ቁልቁል ወረደች። ያቺ ቦታ መጣች፤ ባለፈው ዓመት ጭራዋ የከዳቻት ቦታ። ሰውነቷ ሁሉ አትጋደዪ፣ ቀጥ ብለሽ ሽሺ ይላት ነበር። ጥርሷን ነክሳ ሰሌዳዋን በጎኗ አጋደለቻት፤ ከምታስበውም በላይ። ጭራዋ ያዘች። ውሃው ከጎን ክንፉ ሥር ሲገፋት ከጉልበቷ እስከ ጥርሷ ተሰማት፤ ሰሌዳዋ ተወንጭፋ ወደ ላይ ወጣች። ጫፉ ላይ ደርሳ ጀርባ እግሯን ስትገፋ፣ ጠዋት ሙሉ እምቢ ያለችው ሰሌዳ እሺ አለች። ዞረች። ወረደች። እንደገና አጋደለቻት፣ እንደገና ያዘች፣ እንደገና ዞረች። ዳሪል አንዱን መስመር በሚያሰምርበት ርቀት እሷ ሦስት ጊዜ ታጠፈች። ማዕበሉ ሲያልቅ ውሃው ላይ ተቀምጣ ብቻዋን ሳቀች፤ ዓይኗም እንባ አቅርሮ ነበር። ባሕር ውስጥ ያንን ማን ይለየዋል?

ደስታው አሳብዷት በሚቀጥለው ማዕበል ያልሆነ ቦታ ላይ ዞራ ተገልብጣ ወደቀች። ዳሪል ሌላ ጥሩ አገኘ። የሚቆጠረው የሁለት ጥሩ ማዕበል ድምር ስለሆነ አንድ ተጨማሪ ማዕበል ያስፈልጋታል፤ ጊዜው ደግሞ እያለቀ ነው። ኮረብታው ላይ መርቭ ተነሥቶ ጡሩምባውን ከንፈሩ አጠገብ ሲያደርስ ታያት። አንድ ማዕበል ከጀርባዋ ያብጣል። ጡሩምባው ከመነፋቱ በፊት የቆመ ይቆጠርለታል፤ ያልቆመ አይቆጠርለትም። አባቷ አንዲት ቅጽበት እንደማይጨምርላት ታውቃለች። በክንዶቿ ያላትን ሁሉ አወጣች፤ ገና እግሯ ሰሌዳዋን ሲረግጥ ጡሩምባው ተነፋ። ቆማ ነበር። ያንን ማዕበል ከቋጥኙ እስከ አሸዋው ድረስ አልለቀቀችውም።

ዳኞቹ ተከራከሩ። አንደኛው ሽማግሌ «ይኼ መንከላወስ ነው እንጂ መጋለብ አይደለም» ብሎ ነበር አሉ። ውጤቱ ሲነገር ኔሪዳ በግማሽ ነጥብ በልጣለች፤ የቡድኑም ቦታ የእሷ ሆነ። ዳሪል ለቅጽበት መሬት መሬት አየ፤ ሲያመው አየችው። ከዚያ መጥቶ እጇን ጨበጠ። «ሽርጡ ይጠበኛል፤ አስፍተሽ ላኪልኝ» አላት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ኔሪዳ» አለ፣ ቃሉን እንደ አዲስ ጫማ እየሞከረ፤ ቀጥሎ የሚለው ግን አልመጣለትም።

መርቭ በዚያ ቀን እንኳን ደስ ያለሽም አላላትም። ሰው ሁሉ ሲበተን አሸዋው ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ሲፈልግ ቤሪል አይታዋለች።

በማግስቱ ኔሪዳ ትከሻዋ አልነሣ ብሏት አረፋፍዳ ወደ ወርክሾፑ ገባች። ሰሌዳዋ ተገልብጣ መደቡ ላይ ተጋድማለች። መርቭ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አውርዶ፣ የመሐሉን ክንፍ በስስ ጣውላ ላይ በእርሳስ ዙሪያውን እየነደፈ ነው። ተቆርጦ የወደቀው ጫፍ፣ አሸዋው ተራግፎለት፣ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

«ግራ ፊቱ ወፍራም ነው» አለ ቀና ሳይል። «ስትሞርጂ ቸኩለሻል።»

«ጡሩምባውን የነፋኸው አንተ ነህ።»

«ሰዓቱ ደርሶ ነበር።»

ነድፎ ጨረሰ፤ ጣውላውን በትንሿ መጋዝ ቆረጠ፤ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ኔሪዳ ቆማ ታያለች፤ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷታል።

«ዳሪል ጠዋት መጥቶ ነበር» አለ መርቭ። «ሦስት ክንፍ ያላት ሥራልኝ አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«የሥራው ባለቤት ተኝታለች፣ ከሰዓት ተመለስ አልኩት።»

መርቭ ጆሮው ላይ ሰክቶት የነበረውን እርሳስ አወጣና ከአዲሱ ልክ ጋር አቀበላት።

«ስምሽን ጻፊበት።»

«ያንተን ጻፍበት እንጂ። ካንተው አይደል የተቆረጠው?»

«የእኔ ያውልሽ» አለ፣ ሚስማሩ ላይ ወደ ተሰቀለው አሮጌ ልክ በአገጩ እያመለከተ። «ይኼን እኔ አልቆረጥኩትም። እንዳትቆርጪውም ነበር የፈለግሁት። ጻፊ፤ ነገ ሰው ሲጠይቀኝ እንዳልዋሽ።»

ኔሪዳ ጣውላውን መደቡ ላይ አድርጋ ስሟን ጻፈች። ፊደሉ አላማረም። መርቭ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አነበበው፤ ከመሳቢያው መዶሻና አንድ ሚስማር አወጣ፤ ከአሮጌው ልክ አጠገብ፣ በእኩል ከፍታ፣ ግድግዳው ላይ መታው።